በጭስ ውስጥ የተጠራ ስም

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሀጀራ፣ ካለሽበት ከኩዌት አገር።

አሰላሙ አለይኩም እልሻለሁ፣ ክርስቲያኑ አጎትሽ። እናትሽ እስላም አግብታ ከሄደች ወዲህ ቤታችን በሁለቱም ነው የሚማለድ፤ እናም አላህም እግዜርም ተባብረው ከዚያ አሸዋ መሐል ይጠብቁሽ። እኛ ደህና ነን። ስንዴው ታጭዶ ገብቷል፣ ከብቱም ጠግቧል።

ልጅሽ ሁዳ ሰው ሆናለች። አባቷ ፋሩቅ ሞቶ አንቺ ለእኔ ሰጥተሻት ስትሄጂ የኮቴን ጫፍ ይዛ የምትከተለኝ ነበረች፤ ዛሬ ወንዶቹን ጥላቸው ነው የምትሮጠው። ከወረዳው ትምህርት ቤቶች አንደኛ ወጥታ ለዞን ውድድር ደሴ ተላከች። እኔም ማን አምኜ እልካታለሁ ብዬ አብሬያት ሄድኩ። አቀስታ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ልጅቱ እግሬን ላፍታታ ብላ ወርዳ ሮጥ ሮጥ አለችና ሳል ያዛት። ብርድ ነው ብዬ ጋቢዬን ደረብኩላት።

ደሴ ላይ ውድድሩን የሚመራው አንድ አሮጌ የናፍጣ መኪና ነው። ባለሥልጣኖቹ ላዩ ላይ ተኮልኩለው ጥቁር ጭሱን ልጆቹ ፊት ላይ እየተፋ ይሄዳል። ያቺ ልጅሽ ያን ጭስ እየዋጠች ሁለተኛ ወጣች። ስትሮጥ ምንም አልሆነችም። ገመዱን አልፋ ከቆመች በኋላ ነው የወደቀችው። ደረቷ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ጠቆረ። አንዲት ነርስ ነኝ ባይ ውኃ ደፋችባት፤ ቆይቶ ቆይቶ ተሻላት።

እዚህ ከገባን በኋላ መልሶ ጣላት። ከልምምድ እየሮጠች መጥታ ደጃፌ ላይ ተደፋች። ያኔ ነገሩ ገባኝ። አገር ምድሩ «ወይ እግር!» እያለ ሲያደንቃት ማሻአላህ ያለላት ማን አለ? ዓይን በልቷታል። አስገባናት፣ በሩን ዘጋን፣ ጋቢ ደረብንባት፣ ከሥሯ የቡዳ መድኃኒቱን ሥር ከበርበሬ ጋር አጨስንላት። ትንፈራገጣለች። ልጄ ፈንታሁን እግሯን፣ እኔ ራሷን ይዘናል። ማን በላሽ ስንላት፣ ማን በላሽ ስንላት፣ በመጨረሻ ጮኸች። የሻለም አለች።

የሻለምን ታውቂያታለሽ፤ ከከተማው ዳር ሸክላ የምትሠራዋ። ፈንታሁንና የሰፈሩ ጎረምሶች ሄደው ጎትተው አመጧት። እንትፍ በይባትና ልቀቂያት አልናት፣ እምቢ አለች። እኔ ሰው አልበላም፣ ይልቅ እናንተ ልጅቱን እየገደላችኋት ነው ብላ ተንደርድራ ጋቢውን ገፈፈችው። የዚያን ጊዜ ፈንታሁን ቀጣት። ብቻ ልጅሽ ተረፈችልሽ። ቀሪውን እኛ እናውቅበታለን፣ አትጨነቂ።

የሩጫ ጫማ ላኪላት። ሁለተኛ የወጣችው በሸራ ጫማ ነው።

አጎትሽ አስናቀው

———

ኩዌት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለአቶ አስናቀው።

ወአለይኩሙ ሰላም። ለእኔም ለልጄም አባት የሆኑ እርስዎ ነዎትና ዱኣዬ ሁሉ ከእርስዎ ይጀምራል። ጉልበትዎን አላህ አይንሳኝ።

ደብዳቤዎን ወጥ ቤት ቆሜ ነው ያነበብኩት። አሠሪዬ ማዳም ስትጠራኝ አልሰማኋትም፤ መጥታ የሻይ ብርጭቆ ወረወረችብኝና ግንባሬ ተፈነከተ። ደሜን በሽርጤ እየጠረግሁ አንብቤ ጨረስኩት። ስለ ግንባሬ አያስቡ፣ ድኗል። ያልዳነልኝ የጻፉልኝ ነገር ነው።

አጎቴ፣ ልጄን ቡዳ አልበላትም። እዚህ የማሳድገው የማዳም ልጅ ልክ እርስዎ እንደጻፉት ነው የሚሆን። ኳስ ሲጫወት ደህና ነው፣ ጨርሶ ሲቆም ደረቱ ማፏጨት ይጀምራል። አስም ይሉታል። ሐኪሙ ለእናቱ ሲያስረዳት አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ዐረብኛው አሁን አያመልጠኝም። ሰው ሲሮጥ በአፉ ብዙ አየር ይስባል፣ አየሩ ብርድና ደረቅ ከሆነ፣ አቧራ ወይ ጭስ ካለበት፣ የሳንባው መንገድ ይቆጣና ይጠባል። አቀስታ ላይ ያሳላት ብርዱ ነው። ደሴ ላይ የጣላት የናፍጣው ጭስ ነው። እናንተ ደግሞ መተንፈስ ያቃታትን ልጅ በር ዘግታችሁ በበርበሬ አጠናችኋት። ያረቢ፣ ሳታውቁ ነው፣ አልቆጣም።

ዘይነባ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ለዕረፍት ወደ አገር እየገባች ነው። ጫማውንና አፍ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት በእጇ ልኬያለሁ። ያንቀጥቅጡት፣ ልጅቱ ትንፋሿን ታስወጣ፣ አፏ ውስጥ ሲጫኑት አብራ ወደ ውስጥ ትሳበው። ከሩጫ በፊት ትውሰደው፣ ሲይዛትም ይድገሙላት። ጠዋት ብርድ ላይ አፏን በነጠላ ትሸፍን፣ ከመኪና ኋላ አትሩጥ፣ እሳት የሚነድበት ቤት አትተኛ። ሩጫዋን እንድትተው አይደለም። ስማቸው የገነነ ሯጮች ውስጥ እንኳ ይህ ያለባቸው አሉ ብሏል ሐኪሙ።

አንድ ነገር ግን አልፈውታል። የሻለምን ቀጣት አሉኝ። ምን አደረጋት?

ልጅዎ ሀጀራ

———

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 25 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለሀጀራ። ጤና ይስጥልኝ። ጾሙን ይዘናል፣ አቅም የለኝም፣ ስለዚህ አላበዛም።

ጫማው ልኳ ነው። ሌላውም ዕቃ ደርሷል። ልጅቱ ግን አያስፈልጋትም፣ ሩጫውን አስተውያታለሁ፣ ደህና ናት። ሁለተኛ እንዳትልኪ።

የዚያንም በሽታ ስም ሁለተኛ በደብዳቤ እንዳትጽፊ። የኩዌት ደብዳቤ እዚህ ሲደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ ረሳሽው? ዘይነባ ሰው ሙሉ ቤት ውስጥ ሰጠችኝ። አንብብልን አሉ። መሐሉ ላይ ስደርስ ያንን ዘልዬ ሰላምታ ፈጥሬ አነበብኩላቸው።

ጠይቀሻልና ልንገርሽ። ፈንታሁን የሴትዮዋን ቀኝ እጅ በዱላ ሰበረው። ስትወድቅም አልተዋትም፣ በእርግጫ ጎኗን አላት። ጎረምሶቹ ደግሞ ሄደው ግቢዋ ውስጥ የተሰጣውን ጀበናውንም ምጣዱንም ረግጠው አደቀቁት። እጇ ተጣሞ ነው የጠገነ፣ ከእንግዲህ ጭቃ አትዳብስም። ወንድሟ ንጉሡ ከሚኖርበት ከማሻ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ደጃፏ ላይ ተቀምጧል። ፈንታሁን ገበያ መውጣት አቁሟል፣ ሽንት ቤት እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ ነው።

አስታራቂው አበጋር፣ ሼህ ሙሐሲን፣ ሁለቱን ወገን ይዘው ደም ሳይፈስ ለማድረቅ እየደከሙ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ልጅቱን ፊታቸው አቁመው ሊጠይቋት ነው። አሁን አስተውዪ። ሴትዮዋ ቡዳ ከሆነች ልጄ ዘመዱን ያዳነ ወንድ ነው፣ በቀላል ካሳ ይታረቃል። ነገሩ በሽታ ከሆነ ግን ልጄ አንዲት ምስኪን በከንቱ ሰበረ፤ ንጉሡም ጥይቱን ሳያራግፍበት ማሻ አይመለስም። እኔ ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ስለዚህ ልጅሽን ቡዳ በልቷታል። ገባሽ?

አስናቀው

———

ኩዌት፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ አስናቀው።

ሰላምታ ለሚገባው ሁሉ ይድረስልኝ።

ዘይነባ ተመልሳ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችኝ። መድኃኒቱን ከእጇ ተቀብለው በኮትዎ የውስጥ ኪስ ከተው ቆልፈውበታል። ሁዳን ለብቻዋ አግኝታ ስለ መድኃኒቱ ነግራት አነፋፉን አሳይታት ኖሮ፣ ልጄ ጋሼ መድኃኒቴን ስጡኝ ብትልዎ በጥፊ ከመደብ ላይ ጣሏት። ኮትዎን ሲተኙም አያወልቁም አሉ። ልጄ ጋደም ስትል ስለሚያፍናት ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነው የምታድር። ሩጫውን አስተውያታለሁ ያሉትም ውሸት ነው፤ እህል የጫኑ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ አቧራ ውስጥ ተደብቃ ትሮጣለች። ሩጫ ብቻ ነው የራሷ የሆነ፣ እንዴት ትተው?

እዚህ ሰሞኑን አቧራ ተነሥቶ ነበር። ሰማዩ እንደ ጡብ ቀላ፣ በቀን መብራት አበራን። የማዳም ልጅ ከመኪና ወርዶ እየሮጠ ሲገባ ደረቱ ተዘጋ። መድኃኒቱ በእጄ ነበር፣ አጎቴ። አቅፌ ነፋሁለት፣ ተነፈሰ፣ ቀና ብሎ ሳቀልኝ። ማዳም በሩን ከፍተሽ አቧራ ያስገባሽበት አንቺ ነሽ ብላ የጋለ ካውያ ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። የሥጋዬ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ያንን ቻልኩት። ያልቻልኩት የሰው ልጅ በእኔ እጅ እየተነፈሰ የልጄ ትንፋሽ በእርስዎ ኪስ መሆኑን ነው።

ልጅዎን ይወዱታል፣ አውቃለሁ። እኔም የእኔን እወዳታለሁ። ልጅዎ ለሰበረው እጅ ማመካኛ ትሆን ዘንድ የእኔን ልጅ አፍነው ሊገድሏት ነው? ሐቁን ይናገሩና ለንጉሡ እግር ላይ ይውደቁ። ድንጋይ ተሸክመው ይለምኑ። ዕቃ ቢሆን እልክ ነበር፣ ብር ቢሆን አሥሬ እልክ ነበር፤ ነፍስ ግን በሰው እጅ አይላክም።

ልጄ ብትሞት በዚህ ዱንያ አልከስዎትም። በቂያማ ቀን ግን ሕዝብ ሁሉ እያየ አንገትዎን አንቄ እጠይቅዎታለሁ። ወላሂ አለቅዎትም።

ሀጀራ

———

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 19 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀጀራ። ሰላምታዬን ካልጠላሽው እንደምን ሰንብተሻል። አፌ አብጦ መናገር ስለማልችል በእጄ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

ሽምግልናው ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ ተደረገ። የእኛ ወገን በአንድ በኩል፣ የየሻለም ወገን በሌላ በኩል፣ መሐል ላይ ሼህ ሙሐሲን። ንጉሡ በወጉ መሠረት ጠመንጃውን ሼሁ እግር ሥር አስቀመጠ። ዱኣ ተደረገ። ፈንታሁን ራሱን ተከናንቦ ከኋላዬ ቆሟል። ካፊያ አለ፤ የከተማውን የምድጃ ጭስ ሁሉ ዝናቡ መሬት ላይ አስተኝቶታል፣ ለጤነኛውም ጉሮሮ ይከረክራል።

ለልጅቱ የምትለውን አስጠንቻት ነበር። በላችኝ በይ፣ ካላልሽ ቤቴን አትረግጪም ብያታለሁ። ሼሁ ስሟን ጠርተሽ ነበር ወይ ሲሏት አዎ አለች። እኔም ተመስገን አልኩ። ከዚያ ያልጠየቋትን ቀጠለች።

«ስሟን ጠርቻለሁ፣ በላችኝ ግን አላልኩም። ከሩጫ ስመለስ ደረቴ ሲዘጋብኝ ግቢዋ እገባ ነበር። ሥራዋን ትታ ነፋስ ወዳለበት ታስቀምጠኛለች፣ ጀርባዬን ታሽልኛለች። ጋሼና ፈንታሁን ሲያፍኑኝ ድረሽልኝ ብዬ ነው የጠራኋት።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ለምን እንደተጠራች እሷም ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ንጉሡ ዓይኑን ጠመንጃው ላይ ጣለ። ፈንታሁን ከኋላዬ ጮኸ፦ ተመካክረው ነው፣ በሽታ ካለባት ይነሣባትና እንየው አለ። ምነው አንደበቱን በያዘው።

ልጅሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ኪሴን አይደለም ያየችው፣ ዓይኔን ነው። መድኃኒቱ የት እንዳለ ታውቃለች፣ እንደምታውቅም አውቃለሁ። አምናኝ ይሁን ንቃኝ እስካሁን አልገባኝም። ተስፈንጥራ ወጣች። ሜዳውን በዚያ ብርድና ጭስ ትዞረው ጀመር። ሼሁ ተይ ልጄ፣ ይብቃሽ እያሉ በከዘራቸው ይለምኗታል፣ አትሰማም። እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ነገሩን ሁሉ ረስቼ ኮራሁባት።

መጥታ ሼሁ ፊት ቆመች። ደህና ነች። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር እጇን አንሥታ «ትንሽ ታገሡኝ፣ አሁን ይመጣል» አለች።

መጣ። ያ ፉጨት መጣ። ጉልበቷ ከዳት፣ አንገቷ ላይ ሥሩ ተገተረ፣ ጥፍሯ ጠቆረ። ሕዝቡ ተንጋጋ። አንዲት ባልቴት ጭስ አምጡ ብላ ፍም በገል ይዛ ስትሮጥ የሻለም በዚያ በተጣመመ እጇ መታ አስጣለቻት። ፍሙ የሰው እግር ላይ ተበተነ። የሚቀርባት ካለ ዓይኑን ነው የማወጣው አለች፤ ልጅቱን ቁጭ አድርጋ ደረቷ ላይ አስደግፋ ንፋሱን በነጠላዋ ትጠራላት ጀመር። ንፋሱ ግን አልበቃትም። ዓይኗ ነጭ ነጩን አሳየ።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፈንታሁን ጆሮዬ ሥር «አባዬ፣ ተው» አለኝ። ልጄ ነው፣ ሀጀራ። ባወጣው በሽታነቱን አውቄ እንደደበቅሁ አገር ያያል፣ እሱም በእኔ እጅ ተፈረደበት ማለት ነው። አንቺ በቂያማ አንቃለሁ ብለሽ ያስፈራራሽኝን አይደለም ያሰብኩት። ምንም አላሰብኩም። ሰው ፊቴ እየሞተ ነበር፣ አወጣሁት።

እንደጻፍሽው አንቀጥቅጬ አፏ ላይ ነፋሁላት። ደገምኩ። ደረቷ ተከፈተ። ሼሁ አላሁ አክበር አሉ። ቀና ስል የፈንታሁን ዱላ አፌ ላይ አረፈ። ጥርሴ ረገፈ፣ ደሜ የልጅሽ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። ሲደግመኝ ግራ ትከሻዬ ወለቀ። ንጉሡ ወደ ጠመንጃው ዘለለ፤ ሽማግሌው ሼህ ሙሐሲን ቀድመውት ጠመንጃው ላይ ተኙበት፣ ሬሳዬን አንሥተህ ውሰደው አሉት። በዚያ ግርግር ልጄ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ጠፋ። እስከ ዛሬ የት እንደገባ አላውቅም። እርቁም ፈረሰ፣ ንጉሡም ማሻ አልተመለሰም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሁዳ የዚያኑ ቀን የሻለም ቤት ገባች፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ወገኔ ይስቅብኛል፣ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ልጄን ሰጥቼ ልጅሽን አተረፍኩልሽ። ወደ ቤቷ እንድትገባ እዘዣት። አንቺን እምቢ አትልም።

አጎትሽ አስናቀው

———

ኩዌት፣ ነሐሴ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ የሻለም፣ መካነ ሰላም።

አላህ እርስዎን ይውደድ፣ ያንን እጅዎን ጀነት ላይ ደህና አድርጎ ይመልስልዎ። ይህን የምታነብልዎ ልጄ ሁዳ ናት። ሁዳዬ፣ የሚከብድሽ ቦታ ላይ ስትደርሺ አትዝለይባቸው፣ እንዳለ አንብቢላቸው።

ለአጎቴ አልጻፍኩም። ልጄን ከእርስዎ ቤት እንዳስወጣለት ለምኖኛል። አላስወጣትም። መድኃኒቱን በኪሱ የደበቀውም በእጁ ያወጣውም ያው እሱ ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ አልሞክረውም። እርስዎ አልፈልጋትም ካላሉ በቀር እዚያው ትሁን። መድኃኒቷን ከእንግዲህ በእርስዎ ስም ነው የምልከው።

እትዬ፣ አንድ ነገር ውስጤን ይበላኛል፣ ለሌላ ሰው አልነገርኩም። ልጄ እየታፈነች እማዬ አላለችም። የእርስዎን ስም ነው የጠራች። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም። ቀንቻለሁ፣ ወላሂ ቀንቻለሁ። በእርስዎ ሳይሆን በዚያ ግቢ በሚነፍሰው ነፋስ ሁሉ ቀንቻለሁ። ግን እኔን ብትጠራኝ ማን ይሰማት ነበር? እኔ እዚህ የሌላ ሰው ልጅ እያስተነፈስኩ ነበር። እርስዎ ተጎትተው መጥተውም፣ ዱላ ተነሥቶብዎም መጀመሪያ የገፈፉት ያንን ጋቢ ነው።

ወንድምዎ ንጉሡን እለምነዋለሁ፤ ለእኔ ልጅ ሲል ጠመንጃውን ያስቀምጠው። የአጎቴ ልጅ በረሃ ወርዷል፣ በረሃው ይበቃዋል። እምቢ ካለኝም አልፈርድበትም፣ የእሱን ንዴት አውቀዋለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ደሴ ሌላ ውድድር እንዳለ ሁዳ ጽፋልኛለች። ትሂድ። አብረዋት ይሂዱልኝ። መድኃኒቱን በጉያዎ ይያዙት። ሲጀመር አይድከሙ፣ ሲያልቅ ነው የሚይዛትና ከመጨረሻው ገመድ ወዲያ ይቁሙ። ሰው ከቦ አየር እንዳይከለክላት በክርንዎ ይግፉልኝ። ስትወድቅ እንደገና የእርስዎን ስም ትጠራለች። አልከፋም፣ ብቻ ቶሎ ይድረሱላት።

ሀጀራ